የሮቢ ዳር አፈር

«ጋሼ፣ ወርቅ አለበት እንዴ?»

ጠያቂው ከሮቢ ወንዝ ማዶ ፍየሎቹን እየነዳ የመጣ የአሥር ዓመት ገደማ ልጅ ነው። ዘመኑ 2009 ዓ.ም. ነበር። እኔ ጎርፍ ከናደው ገደል ሥር ተንበርክኬ ቢጫ አፈር በማንኪያ እየጫርኩ ፌስታል እሞላለሁ።

«የለበትም» አልኩት።

«ታዲያ ምን ያደርግልዎታል?»

ሥዕል እሠራበታለሁ ማለት እችል ነበር። ነገር ግን አርባ ዓመት ያለፈው፣ ቀን ቀን በእህል መጋዘን ማሾና ጤፍ ሲያስመዝን የሚውል ሰው፣ ለእረኛ ልጅ እንኳ ቢሆን «ሠዓሊ ነኝ» ለማለት እንዴት እንደሚያፍር የደረሰበት ያውቀዋል። «ለመድኃኒት ነው» ብዬ ዋሸሁት። ልጁም አመነኝ መሰለኝ፣ ራሱን ነቅንቆ ፍየሎቹን ተከተለ። እነሆ፣ ዛሬ ይህን የምጽፈው ያንን ውሸት ለማረምም ጭምር ነው።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። በሽንኩርቷ፣ በማሾዋና በሙቀቷ ትታወቃለች። የቤት ቀለም የፈለገ ሰው አያጣም፤ የሥዕል ቀለም ግን በጀመርኩበት ጊዜ ፈልጌ አላገኘሁም። የነበረኝ አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ ያመጣልኝ አሥራ ሁለት የውኃ ቀለም የያዘ ሣጥን ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ ቢጫውና ቡናማው ቀድመው አለቁ። እንዴት አያልቁ? ጭዱ፣ የማሽላው አገዳ፣ የተጨደው ማሳ፣ ከአፋር በኩል የሚመጣው ግመል ጀርባ፣ ሁሉም ከእነዚህ ከሁለቱ ነው የሚቀዳው። አረንጓዴው ግን ብዙም ሳይነካ ሰነበተ።

ታዲያ ቀለሙ ሲያልቅ ፊቴን ወደ ጓዳ አዞርኩ። የሽንኩርት ልጣጭ ቀቀልኩ። የትንባሆ ቅጠል ዘፈዘፍኩ። እርድ በጥብጬ በወረቀት ላይ ስቀባው ግን ከሁሉም የበለጠ ደስታ ተሰማኝ። የፋብሪካው ቢጫ እንኳ እንደዚያ አላበራም። «በቤቴ ወርቅ እያለ አዲስ አበባ ስልክ እደውላለሁ!» ብዬ በራሴ ሳቅኩ።

በዚያው እርድ የእናቴን ምስል ሠራሁ። እናቴ በሕይወቷ ፎቶግራፍ የተነሳችው ለቀበሌ መታወቂያ ብቻ ነው፤ እርሱም ከሞቷ በኋላ የት እንደገባ አልታወቀም። ስለዚህ ከትዝታዬ ቀዳሁት። ቢጫ ሻሿን አስራ፣ ምጣድ ፊት ተቀምጣ፣ በጭሱ ምክንያት አንድ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ። መልኳን በእርግጥ አግኝቼዋለሁ ለማለት አልደፍርም፤ ያ የዓይን አጨፋፈን ግን የእሷ ነበር። በመስኮቱ ትይዩ ሰቀልኩት። ዓመት ሳይሞላው እህቴ ልትጠይቀኝ መጣችና፣ «ሻሿን ምን አደረግኸው?» አለችኝ። ቀና ብዬ ባይ ሻሹ የለም። እርሳሱ አለ፣ ጥላሸቱ አለ፤ ቢጫው ብን ብሎ ጠፍቷል። እኔ በየቀኑ ስለማየው መጥፋቱን አላየሁትም።

ከዚያ በኋላ ነው ሳላውቅ የገባሁበትን ሥራ ለማወቅ መጠየቅ፣ ማንበብ የጀመርኩት። የእርድ ቢጫ የተክል ቀለም ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ይፈርሳል። የአፈር ቢጫ ግን ከብረት ዝገት የሚገኝ ስለሆነ ፀሐይ አያሸንፈውም። በጥንት ዋሻዎች ግድግዳ ላይ ያሉ ሥዕሎች እስከ ዛሬ የሚታዩት በአብዛኛው በዚህ ዓይነት አፈርና በከሰል ስለተሠሩ ነው። ለዚህ ነው በሮቢ ዳር ተንበርክኬ የተገኘሁት።

አሠራሩ የሚያስቸግር አይደለም፤ የሚያስቸግረው ትዕግሥቱ ነው። አፈሩ ይነፋል፤ ከዚያ በባልዲ ውኃ ይበጠበጣል። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል። ከላይ የቀረውን ድፍርስ ውኃ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጦ አንድ ሌሊት ማሳደር ነው። ጠዋት ውኃው ሲጠራ ከሥር የሚገኘው ደለል እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነው። እሱን ማድረቅ፣ መፍጨት፣ ከዚያም በሙጫ ማላቆጥ። ሙጫው ከግራር ዛፍ የሚለቀም ነው፤ በፋብሪካ የውኃ ቀለም ውስጥም ያለው ይኸው የግራር ሙጫ ዝርያ ነው። ጥቂት ማር ካልተጨመረበት ደርቆ ይሰነጠቃል። ማር ሲበዛ ደግሞ ሥዕሉ አይደርቅም፤ ዝንብና ጉንዳን ይጋበዙበታል፤ ይህን ያወቅሁት ጉንዳኖቹ አንድ ሙሉ ኮረብታ ከበው ካገኘኋቸው በኋላ ነው። እንዳይሻግት ቅርንፉድ ጣል አደርግበታለሁ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ያላበላሸሁት ነገር የለም። ጥቁሩን የዋልካ አፈር እንደ ጥቁር ቀለም ልጠቀምበት ብዬ፣ ሥዕሉ ልክ በበጋ እንደሚሰነጣጠቀው ማሳ ተሰነጣጠቀ። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር አፈር ነው፤ በወረቀትም ላይ ጠባዩን አልለወጠም። ጥቁሩን ከከሰል ማግኘት ተሻለኝ። ከሰል በጣም ደቆ በስሱ ሲቀባ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል፤ ለጣርማበር ጉም ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ቀዩን ደግሞ ያስተማረኝ ምጣድ ነው። ቢጫውን አፈር በምጣድ ላይ ስቆላው ዓይኔ እያየ ብርቱካንማ፣ ቀጥሎም ቀይ ሆነ። እሳቱ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ውኃ ስለሚያስወጣ የብረቱ ቀለም ይለወጣል። እናቴ ምጣዷ ላይ አፈር ስቆላ ብታየኝ ምን ትለኝ እንደነበር አውቀዋለሁ።

ስለ ቀለም ከሰማሁት ሁሉ የማልረሳው ወደ ደብረ ሲና በወጣሁ ጊዜ ያገኘኋቸው አንድ ብራና ጸሐፊ ቄስ የነገሩኝን ነው። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ቀምመው ለወራት ያብላሉታል። «ስንት ወር?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «እስኪደርስ» አሉኝ። ሌላ መልስ አልሰጡኝም።

እርግጥ ነው፣ የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ስንቱን አፍርቷል፤ እኔ ላም ባልዋለበት ኩበት የምለቅም ሰው ነኝ። ቢሆንም የማንም ልብ መጠጊያ ይሻል። የእኔ መጠጊያ ከዚሁ ከእኛ ዳገት ላይ አንኮበር በ1925 ዓ.ም. የተወለዱት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። ገና ልጅ ሳሉ ማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተላኩ፤ ሠዓሊ ሆነው ተመለሱ። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የመስተዋት ሥራቸው የአህጉሪቱን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ያሳያል። እርሳቸው ማዕድን ሊማሩ ሄደው ሠዓሊ ሆኑ፤ እኔ ሥዕል ብዬ ጀምሬ አፈር ቆፋሪ ሆንኩ።

ሁለተኛው መጠጊያዬ በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ነው። ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ ያቆሙት ይህ ቤት ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ ያውም ልክ እንደ ጥልፍ ተነድፎ የተሠራ። አባቴ በየክረምቱ ማግሥት የሚለስነው ግድግዳ ትዝ አለኝና እጄን ዘርግቼ ዳሰስኩት። ጭቃ ከጭቃነቱ ሳይወጣ እንዲህ ሊከበር ይችላል ለካ!

ከዚያ እንደተመለስኩ አንድ ሐሳብ ያዘኝ። ከጣርማበር እስከ ሮቢ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ብርድ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ሙቀት ይወረዳል። አፈሩም አብሮ ይለወጣል። እያንዳንዱን ቦታ በራሱ አፈር ብስለውስ? ጣርማበርን በጣርማበር፣ ደብረ ሲናን በደብረ ሲና፣ አርማንያን በአርማንያ፣ ሰንበቴን በሰንበቴ። አርባ ወረቀት አሰብኩ። በሁለት ዓመት ሃያ ሰባቱን ጨረስኩ። አፈሮቹን በማርማላታ ጠርሙስ አድርጌ ስማቸውን በእርሳስ ጻፍኩባቸው። የእናቴንም ሻሽ በሮቢ ቢጫ ልመልሰው አሰብኩ፤ ግን «አርባው ይለቅና» እያልኩ አሳደርኩት።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ልጆቻችንን ይዘን ወደ ደብረ ብርሃን ወጣን። ስንመለስ በሩ ተሰብሯል፤ ሃያ ሰባቱ ወረቀቶች የሉም፤ ጓሮ ከነበረው አመድ ጥቂት ጥጋጥጎች አገኘሁ። የእናቴም ምስል የለም። ሰው በሞተበት፣ ቤት በጠፋበት ጊዜ ለወረቀት ማልቀስ ነውር ስለሆነ ለማንም አልተናገርኩም። ጠርሙሶቹ ግን በነበሩበት መደርደሪያ ላይ ነበሩ። አፈር ማን ይወስዳል?

ዓመት ያህል አልነካኋቸውም። ሁሉን ከመጀመር ይልቅ የሚያስፈራኝ እናቴ ነበረች። የመጀመሪያውን ስሠራ ከትዝታዬ ነበር፤ ቀጥሎ ግን ያየሁት ሥዕሉን እንጂ እሷን አልነበረም። አሁን ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣው የትኛው ነው? እሷ ወይስ ወረቀቱ?

አንድ እሑድ «ሮቢ» የሚለውን ጠርሙስ ከፈትኩ። ሙጫና ማር ለወስኩ። ፊቷን ሦስት ጊዜ ሠርቼ ሦስቱንም ተውኩ። አራተኛውን እህቴ አየችው። ብዙ ዝም አለች።

«አፍንጫዋ የእሷ አይደለም» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«ሻሿ ግን እሱ ነው።»

በዚያው መስኮት ትይዩ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ ሰቅዬዋለሁ። ይኸው ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ቢጫው አልተነካም። አፍንጫዋን ደግሞ እየሞከርኩ ነው።