ሁለተኛው ማግኔቶ

ጎሮ የምንኖር ሰዎች አውሮፕላን ቀና ብለን አናይም። ከምሥራቅ መጥቶ ቦሌ ለማረፍ ጎማውን ዘርግቶ በጣሪያችን ላይ ሲያልፍ፣ ወሬያችንን ለአፍታ ገታ እናደርግና ካቆምንበት እንቀጥላለን። እኔም እስከዚያች ዓርብ ድረስ እንዲሁ ነበርኩ።

በዚያች ዓርብ በምሠራበት የባንክ ቅርንጫፍ ሲስተም ተቋረጠ። «ሲስተም የለም» የምትለው አባባል ከመስኮቱ በዚህ በኩል ለተቀመጠ ሰው ቀላል ናት፤ በወዲያኛው በኩል ለቆመ ግን ትከብዳለች። ከፊቴ የቆመችው እናት ልጇ ሆስፒታል ተኝቶባታል። ለመድኃኒት የሚሆን ሦስት ሺህ ብር ማውጣት ነበር የፈለገችው። ደብተሯ በእጇ፣ ገንዘቡ በመሳቢያዬ፤ በሁለታችን መካከል ግን የሞተ ስክሪን። «ትንሽ ይጠብቁ እናቴ» አልኳት፤ ከእርሷ በፊት ለአሥር ሰው ያልኩትን።

ከኋላዋ ጡረታቸውን ሊወስዱ የመጡ አዛውንት ቆመዋል። አንገታቸውን በመስኮቱ በኩል አስግገው፣ «ልጄ፣ ሁለተኛው ማግኔቶህ የት አለ?» አሉኝ። አልገባኝም። እሳቸውም አላብራሩም። ከደረት ኪሳቸው ገንዘብ አውጥተው ቆጠሩና ለሴትዮዋ ሰጧት። «ልጅሽ ሲሻለው ትመልሺልኛለሽ» አሏት። ስሟን እንኳ አልጠየቁም።

ለምሳ ስወጣ ከቅርንጫፉ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጥያቄያቸው ሲከነክነኝ ስለዋለ ፈቃድ ጠይቄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የአውሮፕላን ሞተር መካኒክ ሆነው ነው ጡረታ የወጡት፤ እጃቸውን ያፍታቱት በዲሲ-3 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው የዚሁ አውሮፕላን ወታደራዊ ወንድም በሆነው በሲ-47 እንደሆነ ሲነግሩኝ፣ ስለ ዘመዳቸው የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

«የዚያ ሞተር 14 ሲሊንደሮች አሉት» አሉ በስኳር ማማሰያው ጠረጴዛውን መታ መታ እያደረጉ። «እያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ አለው። ስንት ሆነ?»

«ሃያ ስምንት።»

«አውሮፕላኑ ሁለት ሞተር ነው። ሃምሳ ስድስት ካንዴላ አጽድቻለሁ፤ አንድ በአንድ። ግን አንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ ምን ያደርግለታል?»

ዝም አልኩ። የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ትርፍ ጊዜዬን ለግጥም የሰጠሁ።

ማግኔቶ ሞተሩ ራሱ የሚያሽከረክረው ማግኔት ያለበት ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ከዚያ ዙረት ኤሌክትሪክ ይወለዳል፤ በካንዴላው ጫፍም ብልጭታ ይሆናል። ባትሪ አይለምንም። የአውሮፕላኑ ኤሌክትሪክ በሙሉ ቢጠፋ እንኳ ሞተሩ እስከዞረ ድረስ እሳቱ አለ። በእያንዳንዱ ሞተር ላይ ደግሞ ሁለት ማግኔቶዎች አሉ፤ የአንድ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላዎች እሳታቸውን የሚያገኙት ከተለያየ ማግኔቶ ነው። አንዱ ቢሞት ሌላው፣ ጉልበቱ ጥቂት ቢቀንስም፣ ተሳፋሪውን አገሩ ያደርሰዋል። በላያችን የሚያልፉት ጄቶች አንዴ ከተለኮሱ ነበልባላቸው ራሱን ይቀጥላል። የፒስቶን ሞተር ግን ይህ ዕድል የለውም። በደቂቃ 2,400 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሴኮንድ 20 ጊዜ እንደ አዲስ መለኮስ አለበት።

አዛውንቱ የትናንት አምላኪ ይሆናሉ ብዬ ነበር። አልሆኑም። «ማግኔቶ ግትር ነው» አሉኝ። በትንንሾቹ አውሮፕላኖች ላይ ብልጭታው የሚወጣው ክራንኩ ፒስቶኑን ጫፍ ሊያደርሰው 20 ወይም 25 ዲግሪ ሲቀረው ነው፤ ከባሕር ዳርቻ ሲነሣም፣ ከቦሌ ሲነሣም ያው ነው። ቦሌ ግን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ከፍ ብላለች። አየሯ ስስ ነው፤ በስስ አየር ውስጥ ነዳጁ ዘግይቶ ይነዳል። ስለዚህ ቀደም ብሎ መለኮስ ያስፈልገው ነበር። ይህን በቆላ ቢያደርጉት ደግሞ ጥፋት ነው፤ በተለይ አየሩንና ቤንዚኑን እስከ አንድ አሥረኛ የሚጨምቁት ኃይለኞቹ ሞተሮች፣ ያለጊዜው ከተለኮሱ ነዳጁ በመንደድ ፈንታ ይፈነዳል፤ ፒስቶኑንም ሊበሳው ይችላል።

ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ የመጣው ለዚህ ነው። የሚገባውን አየር ግፊትና የሞተሩን ፍጥነት እየለካ የብልጭታውን ሰዓት ያስቀድማል፣ ያዘገያል። ብልጭታውም የጠነከረ ነው፤ ቤንዚን ይቆጥባል። አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል፦ ኤሌክትሪክ። እሱ ከተቋረጠበትና መጠባበቂያ ከሌለው፣ ያ ሁሉ ዕውቀቱ ከእሱ ጋር ይጠፋል።

«ታዲያ የቱ ይሻላል?» አልኳቸው።

«ብልሆቹ አንዱን ማግኔቶ አንሥተው በቦታው ኤሌክትሮኒኩን ያስገባሉ። ሌላውን ማግኔቶ ግን አይነኩትም።» ሻያቸውን ጨለጡ። «አብራሪው ከመነሣቱ በፊት ግራውን አጥፍቶ ያደምጣል። ቀኙን አጥፍቶ ያደምጣል። ብቻውን ሲቀር መሥራቱን ያላረጋገጥከው ነገር፣ አለኝ አይባልም።»

ያን ቀን ማታ ግጥም ልጽፍ ተቀመጥኩ፤ አልመጣልኝም። የመጣልኝ ሌላ ነገር ነው። ሴትዮዋ ከፊቴ ስትቆም ደሞዝ ከወጣ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። በኪሴ ከአራት ሺህ ብር በላይ ነበረኝ። ልስጣት አልስጣት ብዬ አመንትቼ ቢሆን ኖሮ ራሴን ስስታም ብዬ እገላገል ነበር። ሐሳቡ ግን ፈጽሞ አልመጣልኝም። ስክሪኑ ሲጠፋ እኔም አብሬ ጠፍቼ ነበር።

በሳምንቱ ሴትዮዋ መጣች። ልጇ ከሆስፒታል ወጥቷል። ሦስት ሺህ ብሩን በፖስታ አድርጋ፣ «ለእኒያ አባት ይስጡልኝ» ብላ እኔ ዘንድ አስቀመጠችው። በየትኛውም ሲስተም ያልተመዘገበ፣ ቁጥርም ማኅተምም የሌለው አደራ ነው። በየማለዳው አለመጥፋቱን እያየሁ ሦስት ሳምንት ያህል ጠበቅሁት።

አዛውንቱ በጡረታቸው ቀን መጡና ፖስታውን ሰጠኋቸው። «ይቁጠሩት እንጂ አባባ» ብላቸው፣ ሳይቆጥሩ ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ሊሄዱ ዞር ካሉ በኋላ ተመልሰው በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አሉ።

«ሠራ?» አሉኝ።

ከጣሪያው በላይ አንድ አውሮፕላን እያለፈ ስለነበር ድምፄ አይሰማም። በራሴ ንቅናቄ ብቻ መለስኩላቸው።