ከጎባ እስከ ዶሎ መና፦ የትንሿ ማርሽ ትምህርት

ነሐሴ 2006 ዓ.ም. ነበር። ዒድ አል-ፊጥር ካለፈ ሁለት ሳምንት ገደማ ሆኖታል። ለዶሎ መና ተማሪዎች የተሰበሰበ አምስት ካርቶን መጽሐፍ ጭነን፣ የሱብሒን ሶላት እንደ ሰገድን ከጎባ ተነሣን። መኪናችን አሮጌ ላንድ ክሩዘር ነው። ሾፌራችን ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፣ መንገደኛው ሁሉ «ሀጂ» እያለ የሚያከብራቸው አዛውንት ናቸው። ከኋላ ደግሞ ጎባ ታክማ ወደ ቤቷ የምትመለስ አንዲት እናት የአራት ወር ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። እኛ በጊዜው መንጃ ፈቃድ ካወጣን ገና ሁለት ዓመታችን ሲሆን ከአስፋልት ወጥተን ነድተን አናውቅም ነበር።

ሀጂ የጉዞውን ዱዓ አድርገው ጥቂት እንደ ነዱ፣ ዳገቱ ሳይጀምር መኪናውን አቆሙ። ወርደው በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል ያለውን ክብ መክፈቻ በየተራ «ፍሪ» ከሚለው «ሎክ» ወደሚለው አዞሩት። ጭቃ በዓይናችን አላየንምና ለምን አሁን እንደሆነ ጠየቅናቸው።

«ኡስታዝ፣ ጭቃው ውስጥ ከገባህ በኋላ ለማዞር እስከ ጉልበትህ ትገባለህ» አሉን።

ነገሩ ይህ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ መኪና ከዋናው ማርሽ አጠገብ ሌላ ትንሽ ማርሽ አለች። «ኤች ቱ» ላይ ስትሆን የሞተሩ ኃይል የሚደርሰው ለኋላ ጎማዎች ብቻ ነው። «ኤች ፎር» ላይ ስትገባ ለአራቱም ይደርሳል፤ ፍጥነቱ ግን ያው የተለመደው ነው። «ኤል ፎር» ደግሞ አራቱንም ጎማ ይዞ መኪናውን እጅግ ቀርፋፋና እጅግ ጉልበተኛ ያደርገዋል። የጎማው መክፈቻ «ፍሪ» ላይ ከቀረ ግን ትንሿን ማርሽ የትም ብናስገባት የፊት ጎማ አይሠራም። ሾፌሩ አራቱም ይሠሩልኛል ብሎ ሲተማመን በሁለት ጎማ ብቻ ይታገላል። መክፈቻው ተቆልፎ በ«ኤች ቱ» መንዳት ጥቂት ነዳጅ ከመብላት በቀር ጉዳት የለውም። ስለዚህም ሀጂ አስቀድመው ቆለፉት።

ዳገቱን ጨርሰን ሳነቲ ላይ ስንወጣ ጉም ጠበቀን። ሳነቲ ወደ 4,000 ሜትር የሚደርስ ሜዳ ነው፤ ከአጠገቡ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ተቀምጧል። በአፍሪካ ምድር መኪና ከሚመላለስባቸው መንገዶች እጅግ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ይኸው የጠጠር መንገድ ነው። አየሩ በባሕር ጠለል ካለው አንድ ሦስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ሞተሩም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ጅብራው በጉሙ ውስጥ እንደ ቆመ ሰው ይታያል። አንድ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ አድፍጦ አይተን ሕፃኑን ሳይቀር ወደ መስኮቱ አስጠጋነው፤ እሱ ግን ተኝቶ ነበር። ይህ ሁሉ የሚገኝበት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሪያድ በተካሄደ ጉባኤ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በጠጠሩ ላይ ውኃ በተኛበትና በረዶ በዘነበበት ቦታ ሀጂ «ኤች ፎር» ያስገባሉ፤ መሬቱ ደርቆ ጠንከር ሲል ደግሞ ያወጣሉ። ምክንያቱን ለተማሪዎቻችን በኋላ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በገመድ አሳይተናቸዋል። አራት ልጆች ጎን ለጎን ገመድ ይዘው ሲዞሩ ዳር ያለው ይሮጣል፤ መሐል ያለው ይቆማል ማለት ይቻላል። መኪናም ሲታጠፍ እንዲሁ ነው፤ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። «ኤች ፎር» ግን የፊቱንና የኋላውን በእኩል ፍጥነት እንዲዞሩ አስሮ ይይዛቸዋል። ጭቃና ልቅ ጠጠር ላይ ጎማው ሸርተት እያለ ልዩነቱን ያስተካክላል። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን መሸራተቻ የለም፤ መሪው ይከብዳል፣ ጎማው ይበላል፣ ትንሿ ማርሽ አልወጣም ትላለች፣ በመጨረሻም ከሥር ያለው ብረት ይሰበራል። በደረቅ አውራ ጎዳና «ለደኅንነት» ብለው አራቱንም ጎማ አስገብተው የሚነዱ ሰዎች መኪናቸውን እየጎዱት መሆኑን ልብ አይሉም።

ከሜዳው ጫፍ ወደ ሐረና ጫካ መውረድ ሊጀመር ሲል ሀጂን ለመንናቸው፤ እሳቸውም መሪውን ሰጡን። ልባችን ሞልቶ ነበር። «ኤች ፎር» ገብቷል፣ አራቱም ጎማ መሬቱን ይዟል፣ ታዲያ ምን እንፈራለን? በሦስተኛ ማርሽ ፍሬን እየረገጥን፣ እየለቀቅን፣ እየረገጥን የመጀመሪያዎቹን ጥምዝምዞች ወረድን። ከዚያ የተቃጠለ ጨርቅ የመሰለ ሽታ ገባ። ቀጥሎ ፔዳሉ ከእግራችን ሥር እንደ እርጥብ ስፖንጅ ለስለስ አለ። ፊታችን ሌላ ጥምዝ፣ በስተግራ ገደል ነበር።

ሀጂ አልጮኹም። «ሁለተኛ አስገባ። አንደኛ አስገባ። ወደ ተራራው ጥግ» እያሉ የእጅ ፍሬኑን በቀስታ ሳቡ። መኪናው የተራራውን አፈር እየገጨ ቆመ። እናትየው ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ «ላ ኢላሃ ኢለሏህ» ስትል ሰማን። እጃችን ከመሪው ላይ አልላቀቅ አለ። ያን ዕለት ከእኛ ኩራት ጋር ምንም የማያውቅ ሕፃን ይዘን እንደ ነበር ዛሬም ስናስበው ያሳፍረናል።

ከወረድን በኋላ ጎማው አጠገብ ጭስ ነበር። ውኃ ልናፈስበት ስንሮጥ ሀጂ ከለከሉን፤ የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። አርባ ደቂቃ ያህል ተቀምጠን ጠበቅን። ያኔ ነው ትምህርቱን የሰጡን፤ ልክ እንደ መድረሳችን ሼኽ፣ የነገሩንን መልሰን ካላልንላቸው ወደሚቀጥለው አያልፉም።

«ሀጂ፣ አራቱም ጎማ ይሠራ አልነበረም እንዴ?»

«ይሠራ ነበር። ለመሄድ ነው እንጂ ለመቆም መች ረዳህ? ፍሬን ስትይዝማ ሁሉም መኪና በአራት ጎማ ነው የሚይዘው።»

በእርግጥም «ኤች ፎር» የሚሰጠው መያዣ ነው፤ ዝግታን አይሰጥም። ቁልቁለት ላይ የመኪናውን ክብደት ፍሬን ብቻውን ከተሸከመው ሸራው ይግላል፣ የፍሬኑ ዘይትም ሊፈላ ይችላል። ክብደቱን ሞተሩ እንዲሸከመው የሚያደርገው «ኤል ፎር» ነው። በላንድ ክሩዘር ዓይነት መኪና «ኤል ፎር» ፍጥነቱን ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ይቀንሳል፤ በአንደኛ ማርሽ በእግር ከሚሄድ ሰው ብዙም አይቀድምም። ብዙዎቻችን ለዳገትና ለድንጋይ ብቻ የተሠራ ይመስለናል፤ ለረጅም ቁልቁለትም የሚያስፈልገው እሱ ነው። የሚገባው ደግሞ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው፤ መኪናው ፈጽሞ ቆሞ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ። ትንሿ ማርሽ ከ«ኤች» ወደ «ኤል» ስታልፍ መሐል ላይ ባዶ ቦታ አለ። እዚያ ከቀረች ዋናው ማርሽ ቢገባም መኪናውን የሚይዘው የለምና፣ የእጅ ፍሬን ሳይሳብ አትነካም። ሀጂ ይህን ሦስት ጊዜ አስባሉን።

ቀሪውን ቁልቁለት በ«ኤል ፎር» ሁለተኛ ማርሽ፣ እግራችንን ከፍሪሲዮን አርቀን ወረድነው። ሞተሩ ያጓራል፤ መኪናው ግን እንደ ተጫነ ግመል እየተረማመደ ይወርዳል። ፍሬን የነካነው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ሪራ መንደር ስንደርስ ሻይ ጠጣን።

ከሪራ በታች ያለው ጫካ ሌላ ዓለም ነው። ዛፉ ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል፣ ከሥሩ የጫካ ቡና በቅሏል፣ መንገዱ ግን ቀይ ጭቃ ነው። እዚህ መሪው ወደ ሀጂ ተመለሰ። ጭቃ ውስጥ «ኤች ፎር» አስገብተው፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳይፈጥኑና ሳይቆሙ አለፉ። አንድ ቦታ ላይ አንዱ የኋላ ጎማ በባዶ መሽከርከር ጀመረ። ዲፈረንሻል ኃይሉን የሚልከው በቀላሉ ወደሚዞረው ጎማ ነውና፣ ነዳጅ መጨመር ጉድጓድ ከመቆፈር ሌላ ጥቅም የለውም። የዲፈረንሻል መቆለፊያ ያለው መኪና ሁለቱን ጎማ አንድ ላይ አስሮ ይወጣ ነበር፤ የእኛው አልነበረውም። ሀጂ ጥቂት ወደ ኋላ መልሰው፣ እኛ ድንጋይ አንጥፈን፣ በቢስሚላህ ወጣ።

የዛሬ መኪኖች ብዙውን ነገር በቁልፍ ይሠሩታል። ብዙዎቹ ፕራዶዎች አራቱንም ጎማ ሁልጊዜ ይነዳሉ፤ መሐላቸው ሌላ ዲፈረንሻል ስላለ በደረቅ አስፋልትም አይጎዱም፤ ጭቃ ላይ ግን እሱን መቆለፍ ያስፈልጋል። ቁልቁለት ላይ በራሳቸው ፍሬን እየያዙ የሚያወርዱም አሉ። እነሱም ቢሆኑ በረጅም ቁልቁለት ላይ የሚይዙት በዚያው ሊግል በሚችል ፍሬን ነውና «ኤል» አልቀረላቸውም።

ዶሎ መና የደረስነው ለመግሪብ ጥቂት ሲቀር ነው። እናትየው ከነልጇ በደኅና ወረደች፤ ሀጂም ጎንበስ ብለው የጎማዎቹን መክፈቻ ወደ «ፍሪ» መለሱ።

ከሁለት ቀን በኋላ ስንመለስ ሪራን እንዳለፍን ሀጂ መኪናውን አቁመው ወደ ኋላ ወንበር ተሻገሩ። «ንገረኝ» አሉ። የእጅ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ «ኤል ፎር»፣ ብለን ነገርናቸው። ሳነቲ ላይ ወጥተን ብርዱ እስኪቀሰቅሳቸው ድረስ ተኝተው ነበር።