የዳላሱ አጎታችን

እኛ ቤት በዓመት ሁለቴ ሰላም የለም። ዋሽንግተንና ዳላስ ይገጥማሉ። (የምናወራው ስለ አሜሪካን ፉትቦል ነው። አርሴናልና ማንቼ ፈልጋችሁ የመጣችሁ፣ ይቅርታ።)

ሲልቨር ስፕሪንግ ያደግነው የአክስትና የአጎት ልጆች በሙሉ ዋሽንግተን ነን። አጎታችን ብቻ ዳላስ ነው። ቴክሳስን ረግጦ የማያውቅ፣ አሜሪካ ከገባ ጀምሮ ከዋሽንግተን ንቅንቅ ያላለ ሰው፣ ሰማያዊ ኮከብ ያለበት ኮፍያ አድርጎ ቡና ሊጠጣ ይመጣል! ስንት ዓመት አሾፍንበት መሰላችሁ። "ጋሼ፣ ሲያሸንፉ አይተህ ነው አይደል የተከተልካቸው?" እንለዋለን። ይስቃል እንጂ አይመልስም። (በነገራችን ላይ እነሱ ሱፐር ቦውል ከወሰዱ ጃንዋሪ 1996 ነው፣ እኛ ጃንዋሪ 1992። ማንም በማንም የሚኮራበት ነገር የለም።)

ኖቬምበር 24 ቀን 2024 የነቢያት ጾም የገባ ዕለት ነበር። እስቲ አስቡት፣ የዶሮ ክንፍ የሌለበት ፉትቦል! ሽሮና ጎመን ከበን ተቀመጥን። ዳላሶች አምስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፈው፣ ዳክ ፕሬስኮት ተጎድቶባቸው ነው የመጡት። እኛ ጄይደን ዳንኤልስ አለን። ያለቀ ነገር ነው ብለን ቡናው ሳይቆላ አጎታችንን ማብሸቅ ጀመርን።

27 ለ20 እየተመራን፣ 21 ሰከንድ ሲቀር፣ ዳንኤልስ ለቴሪ ማክሎሪን ወረወረለት። የ86 ያርድ ታችዳውን! 27 ለ26። ጩኸታችን ረከቦቱን ሊገለብጠው ነበር። እኩል ለመሆን የምትቀረን አንዲት የእግር ምት ናት፤ ማንም አይስታትም የምትባል። ኦስቲን ሳይበርት ሳታት። ኳሷን መልሰን ለመያዝ አጭር መትተን ብንሞክር ደግሞ ጁዋንዬ ቶማስ አንስቶ 43 ያርድ ሮጦ ይባስ ብሎ አገባብን። 34 ለ26።

ቤቱ ጸጥ አለ። አጎታችን እስኪጨፍርብን ጠበቅን፤ አልጨፈረም። ከመካከላችን በጋዜጠኝነት የተመረቀችው (ማን እንደሆነች አትጠይቁን) በንዴት "ቆይ ግን ጋሼ፣ ለምን ዳላስ?" አለችው። ያን ሁሉ ዓመት ለማሾፍ እንጂ መልሱን ፈልገን ጠይቀነው አናውቅም።

መጀመሪያ የተቀጠረው መሀል ከተማ፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። አብሮት የሚሠራው ሽማግሌ ጥቁር አሜሪካዊ፣ የዋሽንግተን ተወላጅ፣ በመጀመሪያው ክረምት ጓንቱን ከእጁ አውልቆ ሰጥቶታል። እሑድ እሑድ በሬዲዮ ጨዋታ ያዳምጣሉ። ሰውዬው ዳላስ ነው። "እዚህ ተወልደህ?" ቢለው፣ "እኔን የሚመስል ሰው አላሰልፍም ያለ ቡድን እንዴት ልደግፍ?" አለው። ሽማግሌው ካረፈ ቆይቷል። አጎታችን ግን ዳላስ እንደሆነ ቀረ።

ማታውን ማንበብ ያዝን። እውነቱን ነው። የቡድኑ ባለቤት ጆርጅ ፕሬስተን ማርሻል እስከ 1962 ድረስ ጥቁር ተጫዋች አላሰለፈም፤ በሊጉ የመጨረሻው ነበር። ያሰለፈውም ወዶ አይደለም። አዲሱ ስታዲየም የፌዴራል መንግሥት መሬት ላይ ስለነበር የኬኔዲ ሚኒስትር ስቱዋርት ዩዳል እንደሚከለክለው አስጠንቅቆት ነው። ቦቢ ሚቼል የመጣው ያኔ ነው። ዳላስ ግን በ1960 ሲመሠረትም ጥቁር ተጫዋቾች ነበሩት። ቡድናችን በ2020 የሚቼልን 49 ቁጥር ማንም እንዳይለብሰው ሲያደርግ እኛም ዜናውን ሰምተን ነበር። ሰምተን አለፍነው።

ቡድን አልቀየርንም። አይቻልማ! ግን ስለዚያ ኮፍያ ማሾፍ አፋችን ላይ አልመጣልን አለ።

ጃንዋሪ 5 ቀን 2025 ቴክሳስ ሄደን ገጠምን። (ሄደን ስንል፣ ሶፋው ላይ።) ሦስት ሰከንድ ሲቀር ማርከስ ማሪዮታ ለዚያው ለማክሎሪን ወርውሮለት 23 ለ19 አሸነፍን። ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ቀርቶታል። አጎታችን ራሱ ደወለ።

"እንኳን ደስ ያላችሁ። ማክሰኞ ዶሮ ልበላ እመጣለሁ፤ ኮፍያዬን አድርጌ ነው ታዲያ።"

"አድርገህ ና" አልነው።