ስድስት ቀን በጅቡቲ ጠረፍ

የዓመት ፈቃድ በእጁ የገባለት የሠራዊት አባል አብዛኛውን ጊዜ ፊቱን የሚያዞረው ወደ ትውልድ መንደሩ ነው። እናትና አባት ይጠየቃሉ፤ የፈረሰ አጥር ይጠገናል፤ የዘመድ ሠርግ ካለ ይበላል፤ ቀኑም በዚሁ ያልቃል። እኔና ባለቤቴም ላለፉት ሁለት ዓመታት ያደረግነው ይህንኑ ነበር። ዘንድሮ ግን ልማዱን ለመለወጥ ተስማማን። በሠርጋችን በአራተኛው ቀን ወደ ክፍሌ እንድመለስ ታዝዤ ስለ ነበር ባለቤቴ፣ «የጫጉላዬ ዕዳ አልተከፈለኝም» እያለች የምታነሣው ቀልድ ነበራት። በቀልዱ ውስጥ ቀልድ ያልሆነ ነገር እንዳለበት ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

«እንግዲያው የት እንሂድ?» ስላት ባሕር ዳርን ወይም አርባ ምንጭን ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እርስዋ ግን ምንም ሳታመነታ «ዶራሌ» አለች።

ዶራሌ ለመዝናኛ የሚመረጥ ስም አይደለም። ከጅቡቲ ከተማ በስተምዕራብ የሚገኝ የወደብ ሥፍራ ነው። አማቼ የከባድ ጭነት መኪና አሽከርካሪ ነበሩ። እስከ 1990 ዓ.ም. በአሰብ መስመር፣ በዚያ ዓመት የተነሣው ጦርነት መስመሩን ከዘጋው በኋላ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በጅቡቲ መስመር ሲመላለሱ ኖረዋል። በባለቤቴ ቤት «ወረፋ» የሚለው ቃል የታወቀ ነበር። አባት ለፋሲካ ያልደረሱት ወረፋ ይዟቸው ነው። ልጃቸው ከኮሌጅ ስትመረቅ በፎቶግራፉ ላይ የሌሉት ወረፋ ይዟቸው ነው። ልጆቹ ከፍ ካሉ በኋላ ቃሉን የሰበብ ሁሉ መጠሪያ አደረጉት፤ ሳህን ማጠብ የሰለቸው «ወረፋ ይዞኛል» ይል ነበር። «ያን ወረፋ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ» አለችኝ።

ወሩ ጥር ነበር። ጅቡቲን ለማየት የሚያስብ ሰው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ቢሄድ ይሻለዋል። በእኛ ክረምት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስም አቧራውን ያስነሣዋል። ፓስፖርታችንን ይዘን ከአዲስ አበባ ዳርቻ ከለቡ ጣቢያ በኤሌክትሪኩ ባቡር ተነሣን። በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ይህ መስመር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። አያቶቻችን ያወቁት የቀድሞው ምድር ባቡር ግን ሥራው በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባውም በ1909 ዓ.ም. ነበር። እኛ ድሬዳዋ ወርደን አደርን፤ ባለቤቴ ከተማዋን ስለ ወደደቻት ጉዞው እዚያው ሊያበቃ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በማግሥቱ ደወሌን አልፈን ድንበሩን ተሻገርን። ምድሩ እየጠቆረ፣ እየተራቆተ ሄደ። ዛፍ ሲጠፋ ድንጋይ ይበዛል፤ ድንጋዩም በእሳት የተለበለበ ይመስላል። ከቀትር በኋላ ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኘው በናጋድ ጣቢያ ወረድን።

ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ብርቱ እግር ያለው ሰው መሐሏን በግማሽ ቀን ያዳርሳታል። ነጭና አረንጓዴ ቀለም የተቀቡ ታክሲዎች፣ በረንዳቸው በቅስት የተሠራ የቆዩ የፈረንሳይ ዘመን ቤቶች፣ እ.ኤ.አ. በ1906 የተሠራው የሐሙዲ መስጊድና በዙሪያው የሚተራመሰው ገበያ ይታያሉ። አንዱ አደባባይ ዛሬ ነጻነታቸውን ባገኙበት በሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ስም ቢጠራም፣ ሕዝቡ እስከ አሁን የሚያውቀው «ምኒልክ» ብሎ ነው። አማርኛ በየምግብ ቤቱ ይሰማል። እንጀራ ፍለጋ የተቸገርንበት ቀን አልነበረም፤ ዋጋው ግን ይቆነጥጣል። በቀትር ላይ ከእኛ አገር የመጣው ጫት ሲራገፍ ከተማው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሮጣል፤ ከዚያ በኋላ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ መንገዱ ጭር ይላል። ሱቅ የሚገዛ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

ወታደር በመሆኔ ዓይኔ ሳይፈልግ የሚሄድበት ሌላም ነገር ነበር። በዚህች ጠባብ ምድር የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የኢጣልያና የቻይና ጦር ሠፈሮች አሉ፤ የቻይናው በ2009 ዓ.ም. የተከፈተው በዶራሌ አጠገብ ነው። ባለቤቴ፣ «ፈቃድ ላይ ነህ» ብላ ክንዴን ስለ ያዘችኝ ከዚህ በላይ አልመለከትኩም፤ አልጽፍምም።

በሦስተኛው ቀን ከሌሎች እንግዶች ጋር መኪና ተጋርተን የአሳልን ሐይቅ አየን። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ የአፍሪካ ዝቅተኛው ሥፍራ ሲሆን፣ ውኃው ከባሕር አሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ነው። የእኛው ዳሎል እንኳ ከዚህ ከፍ ይላል። በመንገዱ ላይ በ1971 ዓ.ም. የፈነዳውን የአርዱኮባን እሳተ ገሞራ ጥቁር ቅላጭ ተመለከትን። ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ የምትቆጥረው በመንገዱ የሚያልፉትን የኢትዮጵያ ታርጋ ያላቸውን ተሳቢዎች ነበር። እስከ 61 ቆጥራ ተወች።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ወደ ዶራሌ ሄድን። ከከተማው መሐል 12 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ «ፒኬ 12» ተብሎ በሚጠራው ሠፈር ኮድ 3 ታርጋ የለጠፉት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። ዶራሌ ራሱ ከሩቅ የሚታወቀው በክሬኖቹ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ኮንቴይነር የሚራገፍበት ወደብ 18 ሜትር ጥልቀት ስላለው ትልልቆቹ መርከቦች ከመሬቱ ተጠግተው ይቆማሉ። በግንቦት 2009 ዓ.ም. የተከፈተው ሁለተኛው ወደብ ደግሞ ማዳበሪያ፣ እህልና ተሽከርካሪ ይቀበላል። አገራችን ከውጭ የምታስገባው ዕቃ 90 በመቶ ያህሉ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ገበሬው በሰኔ የሚበትነው ማዳበሪያ፣ በየቤታችን የሚበራው አምፑል እንኳ እዚህ ወረፋ ጠብቆ የመጣ ነው።

ወደ ውስጥ መግባት ያለ ፈቃድ አይቻልም፤ እኛም አልጠየቅንም። መኪኖቹ በተደረደሩበት ዳር ታክሲያችንን አቁመን ወረድን። አንድ በዕድሜ የገፉ አሽከርካሪ ከተሳቢያቸው ጎን ካለው የዕቃ ሳጥን ቡታጋዝ አውጥተው ሻይ ያፈላሉ። ፍራሻቸው ከመኪናው ሥር፣ በጎማዎቹ መካከል ተነጥፏል። ባለቤቴ «እንደምን አደሩ አባቴ» ስትላቸው ደንግጠው ብድግ አሉ። አማርኛዋ ሳይሆን ያስደነገጣቸው በዚያ ሥፍራ የሴት ድምፅ መስማታቸው መሆኑን በኋላ ነገሩን። የአባቷን ስም ጠየቀቻቸው፤ አላወቋቸውም። «እኛ የምንተዋወቀው በመኪናው ነው» አሉ።

«ወረፋው ስንት ቀን ይወስዳል?» አለች።

«እሱን ማን ያውቃል ልጄ! አንዳንድ ጊዜ በጠዋት ገብተሽ ከሰዓት ትወጫለሽ። መርከቡ ከዘገየ፣ ወይም አንዲት ወረቀት ከጎደለች ሳምንትም ትቀመጫለሽ። ትቶ መሄድ የለም፤ ተራ ሲደርስ ሰውየው ከሌለ መጨረሻ ነው የሚሰለፈው። ሙቀቱ ሲመጣ ደግሞ ካቢና ውስጥ አይቀመጡበትም። ያለው ጥላ የተሳቢው ነው። ጥላው ይዞራል፤ እኛም ፍራሻችንን ይዘን አብረን እንዞራለን። ጠዋት በዚህ ጎን፣ በቀትር ከሥሩ፣ ከሰዓት በዚያ ጎን።» በእጃቸው ክብ ሠርተው አሳዩአት።

ባለቤቴ በተሰጣት ጀሪካን ላይ ተቀምጣ ሻይዋን እስክትጨርስ አንድ ቃል አልተናገረችም። ፍራሹን ትመለከት ነበር። ስንነሣ በመንገድ የገዛነውን ብርቱካን በሙሉ ሰጠቻቸው፤ እርሳቸውም በሦስት ላይ ቆርጠው «ይበቃል» ብለው የቀረውን መለሱ።

ታክሲው ከዶራሌ አልፎ በጥቁር ድንጋይ መካከል እየተንገጫገጨ ወደ ኾር አምባዶ የባሕር ዳርቻ ወሰደን። የጦር አካዳሚ ተማሪ ሳለሁ ባሕር ማለት ለእኔ የካርታው ሰማያዊ ጠርዝ፣ የሥራችን ማብቂያ መስመር ነበር። እዚህ ግን ይንቀሳቀሳል፤ ይሸታል፤ ጫማ ይበላል። ማዶ የታጁራ ተራሮች በጭጋግ ይታያሉ። ባለቤቴ ጫማዋን አውልቃ እስከ ጉልበቷ ገባችና ውኃውን በጣቷ ቀመሰች። ከዚያ ሳትዞር፣ «የአባባን ወረፋ አየሁ። ያንተን ወረፋ ማን ያሳየኛል?» አለችኝ።

ይህ ጥያቄ የማይጠብቀው የትዳር ጓደኛ ያለው አንባቢ ካለ ዕድለኛ ነው። እኔ ወዲያው መልስ አልነበረኝም። በየወሩ የምልከው መልእክት «ደኅና ነኝ፣ ሥራ በዝቶ ነው» የሚል ነው፤ ከ«ወረፋ ይዞኛል» በምን እንደሚለይ በዚያች ሰዓት ልነግራት አልቻልኩም። አሸዋው ላይ ተቀምጠን፣ መናገር የሚፈቀደውን ያህል፣ ከንጋት ጀምሮ ቀኔን እንዴት እንደማሳልፍ ነገርኳት፤ አልጋዬ በየት በኩል እንዳለ፣ ከመስኮቱ ምን እንደሚታይ፣ ማታ ስልክ የሚይዘው በየትኛው ጉብታ ላይ ብቻ እንደ ሆነ። ስለ ጉብታው ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። በዝናብ ጊዜም እዚያው እንደምወጣ አታውቅም ነበር።

በዚያ ምሽት ለአባቷ ሽርጥ ገዛን። እርሳቸው ከዚሁ ከተማ ያመጧቸው ሽርጦች ገና በሣጥን ሞልተዋል፤ ቢሆንም ገዛን። ከዚያም ስልክ ደወለችላቸው። አማቼ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ስለ ጤና ተጠይቀው «እግዚአብሔር ይመስገን» ካሉ በኋላ ስልኩን ለሚስታቸው ማቀበል ልማዳቸው ነው። ዛሬ ግን «ዶራሌ ነበርን፣ አባባ» ስትላቸው ጥቂት ዝም አሉና፣ «አሁን ጥላ ሠሩ?» ብለው ጠየቁ።

«እኛ ባየንበት የለም፣ አባባ። ከመኪናው ሥር ነው ያነጠፉት።»

«በየትኛው ጎን?»

«ጠዋት ስለ ነበር በባሕሩ በኩል።»

«አዎ፣ ጠዋት በዚያ ነው» አሉ። ቀጥለውም የምረቃዋን ዕለት፣ የሰኔውን ሙቀት፣ ሰዓቱን እያዩ «አሁን ስሟን ጠሩ፣ አሁን ወረደች» ሲሉ መዋላቸውን ያወሩላት ጀመር። ከዚህ በፊት ለማንም ነግረው አያውቁም። ባለቤቴ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ሽርጡን በጭኗ ይዛ ታዳምጣለች። የስልኩ ሂሳብ በመካከል አለቀና መስመሩ ተቋረጠ። ሱቆቹ ሳይዘጉ ሌላ ካርድ ለመግዛት እኔ እየሮጥኩ ወጣሁ።