«ተራው ያንተ ነው፣ አባዬ»

ባለፈው እሑድ ከዘጠኝ ዓመት ልጄ ጋር ቼዝ ስጫወት፣ መሸነፌ እንደማይቀር ገባኝ። ወዲያው ስልኬን አንስቼ «የሥራ ጉዳይ ነው፤ በኋላ እንጨርሳለን» አልኩት። ማንም አልደወለልኝም። ማርኬቲንግ ላይ ስለምሠራ ምክንያት ማሳመር እችልበታለሁ።

ማታ ሊተኛ ሲል «ላሸንፍህ ትንሽ ነበር የቀረኝ እኮ!» አለኝ።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንድ የታወቀ ጨዋታ ትዝ አለኝ። በ1956 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ የ13 ዓመቱ ቦቢ ፊሸር ከ26 ዓመቱ ዶናልድ ባይርን ጋር በውድድር ተገናኘ። ባይርን በአሜሪካ ከታወቁት ተጫዋቾች አንዱ ነበር። ልጁ በ17ኛው እርምጃ ንግሥቱን ለመበላት ተዋት። ባይርን በላት፤ ከዚያ በኋላ ግን ንጉሡ መሸሸጊያ አጣ። በውድድር ልማድ እንዲህ የተበለጠ ሰው እጁን ሰጥቶ ይነሣል። ባይርን ግን አልተነሣም፤ ልጁ በ41ኛው እርምጃ ቼክሜት እስኪለው ድረስ ተጫወተለት።

እኔ ደግሞ ከገዛ ልጄ ስልክ ውስጥ ተደበቅኩ።

ሰኞም ሰሌዳው ሳሎን እንዳለ ነበር፤ ባለቤቴ አላነሣችውም። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ተራው የማን ነበር?» አልኩት።

«ያንተ፣ አባዬ» አለና ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ ተቀመጠ።