ስም መጥራትና ሰው መጠየቅ

ልጆቼ፤ በአገራችን የትምህርት ዘመን የሚጀመረው ዓመቱ ራሱ ሲጀመር ነው። እንቁጣጣሽ ያልፋል፤ ደመራ ይበራል፤ ዝናሙም እያባራ ሜዳው በአደይ አበባ ሲደምቅ፣ ሕፃናት አዲስ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው በየመንገዱ ይታያሉ። ለመምህር ከዚህ የበለጠ የደስታ ወራት የለም። ነገር ግን ይኸው የመጸው ወራት ለገበሬ ልጅ ሌላ ጥሪም አለው። በቆላ አገር ማሽላው የሚያሸተው፣ ወፍም በመንጋ የሚወርድበት በዚሁ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ስለዚህ ደወሉና ማሳው አንዱን ሕፃን በአንድ ጧት ይጠሩታል። ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ስሕተቴ ነውና፣ ይጠቅማችሁ እንደ ሆነ ልንገራችሁ።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት ወለጋ ውስጥ በአንድ የሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያም ጧት ጧት ስማችን ይጠራ ነበር። በአንድ ጥቅምት ወባ ይዞኝ በቀረሁ ጊዜ፣ በሦስተኛው ቀን መምህራችን ጫማቸው በጭቃ ተለውሶ ከደጃችን ቆሙ። መድኃኒት አልያዙም፤ ምክርም አላበዙም። እናቴ ባቀረበችላቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ «ስምህን ብጠራ ዝም አልኸኝ፤ ስለዚህ መጣሁ» አሉኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ገና እየተንቀጠቀጥሁ ወደ ክፍል ተመለስሁ።

ይህን ቸርነት የተቀበልሁ ሰው፣ በተራዬ ለሌላው ሳላደርገው መቅረቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

በ1974 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደ ወጣሁ፣ ከጣርማበር በታች ባለው ቆላ ወደሚገኝ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደብሁ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ፊደል ይቆጥሩ ነበርና፣ አገሩ ሁሉ ወደ ትምህርት እየሮጠ ነው ብዬ አምን ነበር። ደወላችን ከግራር ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። በሁለተኛ ክፍል ስልሳ ሦስት ልጆች ተመዘገቡልኝ። እኔም ገና ሃያ ዓመቴ ነበርና፣ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው የስም መጥሪያዬን ንጽሕና ነበር።

ጥቅምት ሲጋመስ «አቤት» የሚለው ድምፅ እያነሰ ሄደ። ሁለት ሳምንት የቀረውን ልጅ ስም ማስመሪያ አስደግፌ በቀይ ቀለም እሰርዘው ነበር። በዚያ ወር ሰባት ስሞች ሰረዝሁ። ከነዚያም አንዷ በፊተኛው ረድፍ የምትቀመጥ፣ ማባዛትን ከሁሉ ቀድማ የያዘች፣ ዕድሜዋ ዐሥራ ሁለት ያህል የሆነች ልጅ ነበረች። ቤቷ ከትምህርት ቤቱ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ሆኖም አልሄድሁም። የእኔ ሥራ ማስተማር እንጂ ልጅ ከየማሳው መልቀም አይደለም ብዬ ነበር።

በኅዳር መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ወደ ገበያ ስሄድ፣ ከማሽላው መካከል «ሦስት ጊዜ ሰባት ሃያ አንድ» የሚል የሕፃናት ድምፅ ሰማሁ። ቀና ብል ሁለት ልጆች ከማማ ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛው ወንጭፍ በእጁ የያዘው፣ ስሙን የሰረዝሁት ልጅ ነው። ሁለተኛው በክፍል ከአጠገቡ ይቀመጥ የነበረው ነው። ለካ ይህ ሁለተኛው የዕለቱን ትምህርት በሁለት ደብተር እየጻፈ፣ አንዱን ወደ ማማው ያመጣለት ኖሯል።

«ማን አዘዘህ?» አልሁት።

«ማንም አላዘዘኝ፤ ቦታው ባዶ ሆነብኝ» አለኝ።

በዚያ መንገድ ላይ እንደ ቆምሁ ፊቴ በእፍረት ጋለ። እኔ ደመወዝ የምበላበትን ሥራ አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ያለ ደመወዝ ሠርቶልኛል። ወዲያው ወደ አባትየው ቤት ሄድሁ። ሰውየውም፣ «ወፉ እስኪያልፍ ብዬ ነው እንጂ ትምህርት ጠልቼ አይደለም። የጠየቀን ሰው ግን አልነበረም» አሉኝ። ልጁና ታላቅ ወንድሙ ቀን እየተፈራረቁ እንዲጠብቁ ተስማማን፤ ሰኞ ከክፍል ተገኘ። በዚያው ሳምንት የቀሩትን ስድስት ቤቶች አዳረስሁ። ሦስት ልጆች ተመለሱ። ከልጅቱ ቤት ስደርስ ግን፣ ተድራ ወደ ባሏ አገር ከሄደች ዐሥር ቀን ሆኗት ነበር።

በ1988 ዓ.ም. በመስከረም፣ በምዝገባ ቀን፣ አንዲት ሴት ልጇን ይዛ ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ፈርሚ ብላት አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ በመዝገቤ ላይ አተመች። ከዚያ በኋላ ፈገግ ብላ፣ «ጋሼ፣ አላወቁኝም? ማባዛቱን በገበያ እሠራበታለሁ፤ ስም መጻፉ ግን ጠፋኝ» አለችኝ። አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። በዚያች ዕለት ያተመችው የጣት ምልክት፣ እኔ በማስመሪያ ካሰመርሁት ቀይ መሥመር ጋራ አንድ ሆኖ ታየኝ።

ከዚያ ጥቅምት ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አንድ ልማድ ነበረኝ። ልጅ ሦስት ቀን ከቀረ ጎረቤቱን እጠይቃለሁ፤ አምስት ቀን ከቀረ እኔው እሄዳለሁ። ሁሉን አልመለስሁም፤ ሳይጠየቅ የቀረ ግን አልነበረም።

አሁን ብዙ ነገር ተለውጧል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ እስከ ስምንተኛ ያደረሰው የመጀመሪያ ደረጃ፣ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት እስከ ስድስተኛ ክፍል ሆኗል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሕፃናት ቁርስና ምሳ ሲቀርብላቸው ዓመታት አልፈዋል፤ ይህም ብዙ ልጆችን ከክፍል እንዳይቀሩ እንደሚረዳ ጥርጥር የለውም። ሆኖም በገጠር ማሽላው ዛሬም በጥቅምት ያሸታል፤ በከተማም ቢሆን ልጅን ከክፍል የሚያስቀር በሽታ፣ ችግርና ኀዘን አልጠፋም።

ስለዚህ ልጆቼ፤ አጠገባችሁ ያለው ቦታ ባዶ ሲሆን ነገሩ የመምህሩ ብቻ ነው አትበሉ። መምህር ስልሳ ስም ይጠራል፤ ከእናንተ አጠገብ የሚቀመጠው ግን አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። ሲቀር ሂዱና ጠይቁት፤ ደብተራችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ስትይዙም፣ በቀይ ቀለም ከመሰረዛችሁ በፊት የዚያን ሰው ደጃፍ አስቡ።