ሊቁ ሁሉን ሲችል ዘበኛው ምን ይሥራ?



መምህር ሆኖ ስለ ጨዋታ ይጽፋል ወይ የሚለኝ አይጠፋም። እኔም ነገሩ ከቤቴ ባይገባ ኖሮ ባልጻፍኩ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት የእህቴ ልጅ ከሚኒሶታ ሊጠይቀን ሲመጣ በሻንጣው አንድ ወፍራም መጽሐፍ ይዞ መጣ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድና መብራቱ ሲጠፋ አራተኛ ፎቅ ያለ ልጅ መሄጃ የለውም። እናም የእኔ ሁለቱ ልጆችና ከሁለተኛ ፎቅ የሚመጣው የጎረቤታችን ልጅ በመጽሐፉ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ይህ የጎረቤት ልጅ አባቱ የሞተበት የቲም ነው፤ ዝምተኛ ነው፤ ሻይ ሲቀርብለት እንኳ ሦስት ጊዜ ካልተለመነ አይነካም።

ጨዋታው ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት ሲሆን፣ አርነሰን ራሱ የሚኒሶታ ሰው ነበር። አንዱ አጫዋች ሆኖ ተረት ያወራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው በተረቱ ውስጥ አንድ ሰው ይሆናሉ። አጫዋቹ «ወንዙ ሞልቷል፤ ማዶ ሽፍቶች አሉ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ልጆቹ ይማከራሉ፣ ይወስናሉ፤ መሳካቱን ዳይስ ይለየዋል። እርስ በርስ አይሸናነፉም፤ ሁሉም በአንድ ወገን ናቸው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ የተነሳው ጥያቄ የሃይማኖት ነበር። እናቴ ቡና እየጠጣች ሳለ የልጅ ልጇ «እኔ አስማተኛ ነኝ፤ ድግምት ልጣል» ሲል ሰማች። ስኒዋን አስቀመጠች። «ሲህር በዚህ ቤት?» አለችኝ፤ ልጆቹን ሳይሆን እኔን። እውነት አላት። ሲህር በሐዲስ ከሰባቱ አጥፊ ኃጢአቶች የተቆጠረ ነው። ነርድ መጫወትን የሚከለክለውም ሐዲስ በሶሒህ ሙስሊም ይገኛል፤ ብዙኃኑ ዑለሞችም የዳይስ ጨዋታን በዚሁ ይከለክላሉ። በሰፈራችን መስጂድ የሚያስተምሩትን ኡስታዝ ብጠይቃቸው «ሲህሩንና ዳይሱን አውጡ፤ ሶላትም አያዘናጋችሁ» አሉኝ።

አወጣን። አስማተኛውን ሊቅ አደረግነው፤ የከዋክብትን፣ የመድኃኒትንና የእሳትን ነገር ያጠና ሰው። የድግምት እሳቱ ቀርቶ ነፍጥ ሆነ፤ ይኸውም በጥንት የሙስሊም ጦር ውስጥ እየተቀጣጠለ ይወረወር የነበረው ዘይት ነው። (ዛሬ ለመኪና የምንቀዳው ናፍጣ ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው፤ ጠመንጃውን ነፍጥ ያልነውም ከዚያው መሆኑ ይነገራል።) ተረቱን ከሐረር ተነስቶ ወደ ዘይላ ወደብ የሚወርድ የግመል ቅፍለት አደረግሁት። በዳይሱ ፈንታ ለእያንዳንዱ ልጅ ከ1 እስከ 10 ቁጥር የተጻፈባቸው አሥር ወረቀቶች ሰጠሁ። ለእያንዳንዱ እንቅፋት የክብደት ቁጥር እሰጠዋለሁ፤ ልጁ ከወረቀቶቹ አንዱን መርጦ ይጥላል፤ ከክብደቱ ካላነሰ ተሳካለት። የጣለው ወረቀት ግን አሥሩም እስኪያልቁ አይመለስለትም። ዕድል የሚባል ነገር ቀረ፤ ዘጠኝህን ዛሬ ለቁምነገር ባልሆነ ነገር ካወጣህ ነገ በሁለት ትቆማለህ።

እናቴ ስኒዋን መልሳ አነሳች። እኔም ሥራዬን የጨረስኩ መሰለኝ።

ልጄ ሊቅ፣ ታናሽ እህቱ መንገድ መሪ፣ የጎረቤቱ ልጅ የቅፍለቱ ዘበኛ ሆኑ። የእህቴ ልጅ መጽሐፉን ትቶልን ወደ አገሩ ተመለሰ፤ እኛ በየቅዳሜው ከዐስር በኋላ ቀጠልን። በአራተኛው ቅዳሜ ዘበኛው አልመጣም። በአምስተኛውም አልመጣም። ወርጄ በራቸውን አንኳኳሁ። ጫማውን እያየ «ቲቸር፣ እኔ ምን ልሥራ? ሊቁ ሁሉን ይሠራዋል» አለኝ።

በዚያ ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሒሳብ መምህር ነኝና መጽሐፉን ከፍቼ ቁጥሩን ሠራሁት። በአምስተኛው ደረጃ ላይ ያለ ተዋጊ በአንድ ተራ ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ሁለቱም ካገኙለት በአማካይ 15 ነጥብ ነው፤ ያውም ቆሞ በሚጠብቀው አንድ ጠላት ላይ። በዚሁ ደረጃ ያለ አስማተኛ የእሳት ኳሱን ሲወረውር ስምንት ዳይስ ይጥላል፤ አማካዩ 28 ነው። ኳሱ የሚያርፈውም ዙሪያውን ስድስት ሜትር በሚሸፍን ቦታ ላይ ነው። በዚያ ውስጥ አራት ሽፍቶች ቢኖሩና ባያመልጡ 112 መሆኑ ነው። (ለዚህ ኳስ የሚያስፈልገው ዕቃ የሌሊት ወፍ ኩስና ድኝ ነው ይላል መጽሐፉ፤ ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም።) እኔ ስሙን ቀይሬ ኃይሉን እንዳለ ነበር የተውኩት።

በመጀመሪያው የ1974 ሕትመት አስማተኛው ሲጀምር አንዲት ድግምት ብቻ ነበረችው። እሷን ከጨረሰ ከጓደኞቹ ጀርባ ተሸሽጎ ይውላል፤ ቆይቶ ደረጃው ሲያድግ ግን የሚችለው አይገኝም። ፈጣሪዎቹ ይህንን ሚዛን ብለውት ነበር፦ መጀመሪያ አንተ ትጠብቀኛለህ፣ ኋላ እኔ እጠብቅሃለሁ። ለአንድ ክረምት ለሚጫወት ልጅ ግን «ኋላ» የሚባለው የማይደርስ ቀን ነው።

አባቶቻችን ይጫወቱት በነበረው ሰንጠረዥ ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንዲት ቤት ብቻ ነው የሚራመደው። በአውሮፓ ግን በአሥራ አምስተኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ይኸው ፈርዝ ንግሥት ተብሎ እንዳሻው የሚጋልብ ሆነ። ጨዋታው ከሥሩ ተለወጠ፤ ሆኖም ንግሥቲቱ ለሁለቱም ወገን ስላለች የተበደለ የለም። በእኛ ጨዋታ ሊቁ ሲበረታ የሚጎዳው ጠላት አይደለም፤ ጠላትማ ያው በአጫዋቹ አፍ የሚኖር ነው። የሚጎዳው አጠገቡ የተቀመጠው ባልደረባው ነው።

መጀመሪያ የሠራሁት ስሕተት ነበር። የሊቁን እሳት በግማሽ ቀነስኩት። ልጄ አኮረፈ፤ ለምኜ የመለስኩት ዘበኛም አልተደሰተም። ያን ጊዜ ነው ጥፋቱ ከእሳቱ ትልቅነት እንዳልሆነ የገባኝ። በሩን የሚከፍተው ሊቁ፣ የባዕዱን ቋንቋ የሚያውቀው ሊቁ፣ መንገዱን በኮከብ የሚያገኘው ሊቁ። ከዚህም በላይ መጽሐፉ ስምንት ሰዓት የተኛ አስማተኛ ኃይሉ ሙሉ ሆኖ ይነሳል ስለሚል፣ ልጆቹ ከእያንዳንዱ ውጊያ በኋላ «አደርን» ይሉኛል፤ እኔም እሺ እላለሁ። ሌሊቱ ዋጋ አልነበረውም።

እውነቱን ለመናገር ይህን ሁሉ ቅዳሜ ሳላየው ቀርቼ አይደለም። ልጄ መልሱን ቀድሞ ሲያገኝ ደስ ይለኝ ነበር። በመድረሳ ቀስ ብዬ የምሐፍዝ ተማሪ ነበርኩ፤ ገና አያውን ሳስታውስ ከጎኔ ያለው ፈጣን ልጅ ቀድሞ ይለዋል፤ ኡስታዙም «ማሻአላህ» ይሉታል። የማውቀው አያ አፌ ላይ ይቀራል። በአስኳላ ግን በሒሳብ ፈጣኑ እኔ ነበርኩ፤ አጠገቤ በማን አፍ ላይ ምን እንደቀረ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።

እሳቱን ወደ ሙሉ ኃይሉ መለስኩት። እንዲያውም ጨመርኩበት። ነገር ግን ሊቁ ነፍጡን ለማዘጋጀት ሦስት ተራ ያስፈልገዋል፤ በነዚያ ሦስት ተራዎች አንድ ጠላት ከደረሰበት ድካሙ ከንቱ ነው። መንገዱንና የበረሃውን ቋንቋ ለመንገድ መሪዋ ሰጠኋት፤ ከሰውና ከከብት ጋር ያለውን ነገር ለዘበኛው። ለቅፍለቱ ሰባት ስልቻ ውኃ ቆጠርኩ፤ ማደር አንድ ስልቻ ይፈጃል።

ልጄ «አባ፣ እኔን ብቻ ነው የቀጣኸው» አለኝ። «እሳትህን አልነካሁብህም» ብለውም አልተዋጠለትም፤ ሁለት ቀን በደንብ አላናገረኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጉድጓድ ውኃ አጠገብ ዘጠኝ ሽፍቶች አገኟቸው። የቀራቸው አንድ ስልቻ ነው። ልጄ «ነፍጥ አዘጋጃለሁ» አለና ዘበኛውን አየው። በዘበኛው እጅ 10፣ 6 እና 2 ብቻ ቀርተዋል። በመጀመሪያው ተራ የክብደቱ ቁጥር አምስት ነው አልኩ፤ 6ን ጣለ። በሁለተኛው ሰባት ነው አልኩ። ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

«ቲቸር፣ ግመሎቹ ታስረዋል?»

«ታስረዋል።»

«ፈትቼ መሐላቸው ብለቃቸውስ?»

ግመል ሲበረግግ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ክብደቱን ወደ ሁለት አወረድኩ። 2ን ጣለ። በሦስተኛው ዘጠኝ አልኩ። 10ን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ልጄ ከወንበሩ ተነስቶ ጮኸ፤ ስለ ራሱ እሳት ግን እንዲህ ጮኾ አያውቅም ነበር።

መግሪብ አዛን ሲል ሰግደን ሻይ ቀረበ። ዘበኛው ሳይለመን አነሳ። ሴት ልጄ ግን ወደ ወጥ ቤት ተከትላኝ መጥታ «አባ፣ ዘበኛው በዛ፤ ግመሎቹ እኮ የመንገድ መሪዋ መሆን ነበረባቸው» አለችኝ። መጽሐፉን እንደገና አውርጄ ማየት ሊኖርብኝ ነው።